ከቁጥሩ በፊት ደሙ ይጠየቅ

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በመሀል አዲስ አበባ፣ ከጥቁር አንበሳ እስከ ፒያሳ፣ ከስታዲየም እስከ ካዛንቺስ፣ አልትራሳውንድ የሚያነሳ ክሊኒክ ፍለጋ ብዙ መንገድ መሄድ አያስፈልግም። ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ችግሩ ከምርመራ ክፍሉ የሚወጣው ወረቀት ላይ ነው። «የማህፀን ሽፋን 7 ሚሊሜትር፤ ወፍሯል» ይላል፣ በቃ። ሽፋን የሚባለው የማህፀንን ውስጥ የሚያለብሰው ስስ ንጣፍ ነው። ሴትዮዋ ስንት ዓመቷ እንደሆነ፣ ካረጠች ምን ያህል ጊዜ እንዳለፈ፣ ደም ታይቷት እንደሆነና እንዳልሆነ አልተጻፈበትም።

ይህንኑ ወረቀት፣ ይህንኑ 7 ሚሊሜትር፣ ሁለት የስልሳ ዓመት እናቶች ይዘውታል እንበል። አንደኛዋ ለሐሞት ጠጠር ስትታይ እግረ መንገድ የተለካላት ናት፤ ካረጠች አስር ዓመት ሆኗታል፣ አንዲት ጠብታ ደም አይታ አታውቅም። ሁለተኛዋ ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን የውስጥ ልብሷ ላይ ቡናማ ነገር አይታ የመጣች ናት። የመጀመሪያዋ «ወፍሯል፣ ማህፀኑ ይውጣ» ትባልና ቤተሰቡ ሁሉ ይደነግጣል። ሁለተኛዋ «ኢንፌክሽን ነው» ተብላ የአንድ ሳምንት አንቲባዮቲክ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሁለቱም የተሰጣቸው መልስ የተገላቢጦሽ ነው። ናሙና፣ ማለትም ከሽፋኑ ለምርመራ የሚቆረስ ጥቂት ሥጋ፣ ሳይወሰድላት ማደር የሌለባት ሁለተኛዋ ናት፤ የመጀመሪያዋ ደግሞ ቀዶ ጥገና ቀርቶ አብዛኛውን ጊዜ ናሙና እንኳ አያስፈልጋትም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ይህ ስህተት በሁለቱም በኩል ስለሚደጋገም ነው።

ሴት አረጠች የሚባለው የወር አበባዋ ሳይታይ ሙሉ 12 ወር ሲያልፍ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚታይ ደም ሁሉ፣ ቀይም ይሁን ቡናማ፣ የሥጋ እጣቢ የመሰለም ይሁን፣ ብዙም ይሁን አንዲት ጠብታ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ መመርመር አለበት። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ ካረጡ በኋላ ደም ከታያቸው 100 ሴቶች 9 ያህሉ የማህፀን ሽፋን ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። በሌላ በኩል ደግሞ ካረጡ በኋላ ይህ ካንሰር ከያዛቸው 100 ሴቶች 90 ያህሉ ደም አይተዋል። እንግዲህ ደሙ ራሱ ቀድሞ የሚመጣ ደወል ነው። ከሆድ ዕቃ ካንሰሮች ውስጥ ይህን ያህል ቀድሞ የሚናገር ብዙ የለም፤ ገና ከማህፀን ሳይወጣ ከተደረሰበት አብዛኞቹ በቀዶ ጥገና ብቻ ይድናሉ። የቀሩት ሴቶች ደም ምክንያት በአብዛኛው ቀላል ነው። ሽፋኑ ኤስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ሲያጣ ይሳሳል፣ ሥሩ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይገለጡና ባልረባ ነገር ይደማሉ። ፖሊፕም ሊሆን ይችላል፤ ከሽፋኑ ላይ እንደ እንጥል የሚንጠለጠል ትንሽ ሥጋ ነው። ሳይመረመር ግን የትኛው እንደሆነ በመልክ የሚለይ ሐኪም የለም።

ብዙ እናቶች ደሙን ሲያዩ «አበባዬ ተመለሰ» ነው የሚሉት። ጎረቤትም «ልጅነትሽ ተመለሰልሽ» ብሎ ያሳስቃል። ለልጆች መንገር ያሳፍራል፣ ለወንድ ልጅማ ጭራሽ አይነገርም። ጾም ነው፣ በዓል ነው፣ ሠርግ ነው እየተባለ ወራት ያልፋሉ፤ ደሙም በመሀሉ ይቆማል። መቆሙ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ የካንሰርም የፖሊፕም ደም መጣ ሄድ ይላል።

ሐኪሙ ዘንድ ሲደረስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥሩ ጥያቄ ነው። «የወር አበባዎ መቼ ቆመ?» ሲባሉ ብዙ እናቶች ቀን አይናገሩም። «እማማ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየዎት ከየትኛው በዓል በፊት ነው? የመጨረሻ ልጅዎን ከመዳርዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ቢባሉ ግን አንድ ወር እንኳ አይሳሳቱም። ከዚህ ጋር ተያይዞ ትንሽ የምትመስል፣ ብዙ ጥፋት የምታመጣ ነገር አለች፤ የዘመን አቆጣጠሩ። «በ2010 ቆመ» ያለች እናት የምትናገረው በእኛ አቆጣጠር ነው። የላቦራቶሪ ፎርሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ነው። ጸሐፊው የሰማውን እንዳለ ካሰፈረው ሴትዮዋ በወረቀት ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ቀድማ ታርጣለች። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ፓቶሎጂስት ደግሞ ትርጉም የሚሰጠው ይህን ቁጥር ይዞ ነው። እያደገ ያለ ሽፋን ካረጠች ዓመት ከመንፈቅ በሆናት ሴት ላይ መታየቱ ያን ያህል አያስደንቅም፤ አስር ዓመት ባለፋት ሴት ላይ ከታየ ግን ኤስትሮጅኑ ከየት እንደመጣ መፈለግ ግድ ነው፤ ከሰውነት ስብ፣ ከመድኃኒት ወይም ኦቫሪ (የሴት እንቁላል ማምረቻው) ላይ ከበቀለ ዕጢ ሊሆን ይችላል። ከቁጥሩ ጎን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብሎ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም።

ቀጥሎ የሚጠየቀው መድኃኒት ነው። በተለይ ታሞክሲፈን። የጡት ካንሰር ታክመው ይህን ክኒን አምስት፣ አስር ዓመት የሚውጡ እናቶች ብዙ ናቸው። ክኒኑ ጡትን ሲጠብቅ የማህፀንን ሽፋን ግን ያበረታታል። የደም ማቅጠኛ የምትወስድም አለች፤ የልብ ሕመም ያለባቸው ብዙዎቹ ይወስዱታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። «ደሙ የመጣው ከማቅጠኛው ነው» ብሎ ፋይሉን መዝጋት ስህተት ነው፤ ማቅጠኛው ቀድሞ የነበረውን ፖሊፕ ወይም ዕጢ እንዲደማ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት፣ ልጅ አለመውለድ፣ ከ55 ዓመት በኋላ ማረጥ፣ በቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ወይም የማህፀን ካንሰር መኖሩ፣ እነዚህ ሁሉ ሚዛኑን ወደ ጥርጣሬ ይገፋሉ። ውፍረት ለምን ከዚህ ገባ የሚል አንባቢ ይኖራል። ኦቫሪ ሥራውን ካቆመ በኋላ በሰውነት ውስጥ ኤስትሮጅን የሚሠራው በዋናነት ስብ ነው። ስቡ በበዛ ቁጥር ሽፋኑ የሚያርፍበት ጊዜ ያጣል።

ደሙ በእርግጥ ከማህፀን ነው ወይ? ይህን እናቲቱ ራሷ ቤቷ ውስጥ መለየት ትችላለች። ንጹህ ነጭ ጥጥ ወይም ፋሻ ይዞ፣ ከሽንት በኋላ አንድ፣ ከሰገራ በኋላ ሌላ፣ ብልት አፍ ላይ ደግሞ ሌላ አድርጎ የትኛው እንደቀላ ማየት ነው። ፎቶ ማንሳት የማያሳፍራት ከሆነ ፎቶው ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። ከፊኛና ከኪንታሮት የሚመጣ ደም ብዙ ጊዜ ከማህፀን የመጣ ይመስላል። ማህፀኗ የወረደባት እናት ደግሞ ወደ ውጭ የወጣው አካል ከልብስ ጋር እየታሸ ቆስሎ ሊደማ ይችላል።

ከአልትራሳውንዱ በፊት በስፔኩለም (ብልትን ከፍቶ የማህፀን በርን በሚያሳየው መሣሪያ) ማየት ግዴታ ነው። ይህ ሳይደረግ በቀጥታ «አልትራሳውንድ ተነሥተሽ ነይ» ማለት አንድ ትልቅ በሽታ ያሳልፋል፤ የማህፀን በር ካንሰርን። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የሚገኘው እሱ ነው፤ በዓይን እየታየ በአልትራሳውንድ ሊያመልጥ ይችላል። የተገላቢጦሹም መታወቅ አለበት። በጤና ጣቢያ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚሰጠው ቅድመ ምርመራ የማህፀን በርን እንጂ የውስጡን ሽፋን አይመለከትም። «ባለፈው ዓመት ተመርምሬ ነፃ ነሽ ተብያለሁ» የምትል ደም የታያት እናት ስለ ሽፋኑ የተነገራት ምንም ነገር የለም። ደግሞም የማህፀን በርን አሴቲክ አሲድ (የኮምጣጤ አሲድ) ቀብቶ በዓይን የሚደረገው ምርመራ ያየው የነበረው የበሩ ክፍል ከማረጥ በኋላ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ለዚህ ዕድሜ አይሆንም።

አሁን ወደ አልትራሳውንዱ እንምጣ። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው በሆድ በኩል ነው። «ውሃ ይጠጡ፣ ሽንትዎን ይያዙ» ይባላሉ፤ እናቶች የሃይላንድ ውሃ በእጃቸው ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚታዩት ለዚህ ነው። ያረጠች ሴት ማህፀን ግን ትንሽ ነው፣ ሽፋኑም ስስ መስመር ነው። በሆድ ቆዳና በስብ አልፎ አንድ ሚሊሜትር ከአንድ ሚሊሜትር መለየት አስተማማኝ አይሆንም። «ከ4 ሚሊሜትር አይበልጥም፣ ሰላም ነው» የሚለው ፍርድ የተመሠረተው በብልት በኩል በሚደረገው አልትራሳውንድ ላይ ብቻ ነው። ለዚህኛው ሽንት መያዝ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ሸንቶ መግባት ነው። ቀጭኑ መሣሪያ ላይ ኮንዶም ይለበሳል፣ ጄል ይደረጋል፤ ጥቂት ደቂቃ ነው፣ አያምም፣ ቢቆረቁር ነው። እናቲቱ ምን እንደሚደረግላት ካልተነገራት ግን እንደ ትልቅ ነውር ቆጥራው ጥላ ትወጣለች፤ ይህን የማስረዳት ግዴታ ያለበት ባለሙያው ነው።

አለካኩ እንዲህ ነው። ማህፀኑ በቁመቱ ከአንገቱ እስከ ጣሪያው በአንድ ሥዕል ሲታይ፣ ሽፋኑ በጣም የወፈረበት ቦታ ይመረጣል፤ ከአንዱ ጠርዝ እስከ ሌላው ጠርዝ፣ ፊትና ኋላ ያሉት ሁለቱ ንጣፎች አንድ ላይ ይለካሉ። በዙሪያው ያለው ጠቆር ያለ ቀለበት ጡንቻ ስለሆነ አይጨመርም። መሀል ላይ ውሃ ካለ ውሃው ተቀንሶ ሁለቱ ንጣፎች ለየብቻ ተለክተው ይደመራሉ። ስህተቱ የሚመጣው እዚህ ነው፤ ውሃው ተደምሮ 3 ሚሊሜትር የነበረው 9 ይባላል፣ ወይም ማህፀኑ አግድም ተቆርጦ ተለክቶ ቁጥሩ ይዛባል። ማዮማ (ከማህፀን ጡንቻ የሚበቅል ካንሰር ያልሆነ ዕጢ) ሲኖር፣ ማህፀኑ ወደ ኋላ ሲዞር፣ ቀድሞ ቀዶ ጥገና ተደርጎ ሲሆን መስመሩ ጨርሶ የማይታይበት ጊዜ አለ። ያኔ የሚጻፈው «አልታየም» ነው። «አልታየም» ማለት «ስስ ነው» ማለት አይደለም፤ ደም ለታያት ሴት የሚያመጣው ውሳኔ «ወፍሯል» ከሚለው ጋር አንድ ነው፣ ናሙና።

ለምስል ባለሙያዎቹ የማቀርበው ልመና ወረቀቱ ቢያንስ እንዲህ እንዲነበብ ነው፦ «ዕድሜ 61። ካረጠች 10 ዓመት። ደም፦ ሦስት ቀን፣ ቡናማ። በብልት በኩል የታየ። ሽፋኑ 7.2 ሚሜ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታይቷል፣ ጠርዙ እኩል አይደለም፣ ውሃ የለም። አንድ ማዮማ፣ 3 ሴሜ። ሁለቱም ኦቫሪዎች ትንንሽ ናቸው።» ይህን ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚያነበው ሐኪም ግን ከዚህ ተነሥቶ መወሰን ይችላል።

የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክር፣ ደም የታያት ሴት ሽፋኗ በብልት በኩል ተለክቶ 4 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር የመኖሩ ዕድል ከ100 ከ1 ያንሳል፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ደም ናሙናው ሊቆይ ይችላል ይላል። ደሙ ከተደገመ ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ናሙና ይወሰዳል፤ አንዳንድ ክፉ የካንሰር ዓይነቶች በስስ ሽፋን ላይ ይበቅላሉና። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የወጣ ጥናት በካንሰር ከተያዙት አንድ አስረኛ ያህሉ ሽፋናቸው ከ5 ሚሊሜትር በታች እንደነበረ አሳይቷል። በመለኪያው ላይ መደገፍ ይብቃ ባልልም፣ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ ከክፍለ ሀገር መጥታ ዘመድ ቤት ያረፈችና ደሙ ቢደገም ተመልሳ ለመምጣቷ ዋስትና የሌላት እናት፣ ናሙና መውሰድ የሚችል ሐኪም ፊት ከተቀመጠች 4 ሚሊሜትርም ብትሆን ዕድሉ አይለፋት።

ናሙናው ሲባል ብዙዎች ቀዶ ጥገና ይመስላቸዋል። ፓይፔል የሚባለው መሣሪያ ስፋቱ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ለስላሳ የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ ጫፉ አጠገብ ጎኑ ላይ ቀዳዳ አለው፣ ውስጡ ደግሞ ወደ ኋላ ሲሳብ እንደ መርፌ የሚመጥ ዘንግ። ከአንድ ሰዓት በፊት 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን መዋጥ ቁርጠቱን ይቀንሳል፤ የጨጓራ ቁስለትና የኩላሊት ሕመም ለሌላት ነው። የማህፀን በር ይጸዳል፣ ቱቦው ጣሪያው እስኪነካ ድረስ በቀስታ ይገባል፣ ዘንጉ እስከ መጨረሻው ይሳባል፤ ከዚያ ቱቦው በጣት እየተሽከረከረ ከጣሪያ ወደ አንገት፣ ከአንገት ወደ ጣሪያ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለሳል። ከበሩ ውጭ ብቅ ካለ መምጠጡ ስለሚጠፋ እንደገና መጀመር ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት አንዴ ገፍተው አንዴ ስበው በማውጣት ነው፤ ቱቦው ውስጥ ንፍጥና ደም ይገባል፣ ሥጋ አይገባም። እውነተኛው ናሙና ሥጋው እንዳይበሰብስ ከሚያቆየው ፈሳሽ፣ ከፎርማሊኑ ውስጥ ሲወድቅ ክሬም የመሰለ፣ ቀጫጭን ጥብጣብ ሆኖ ይሰጥማል ወይም ይንሳፈፋል። ጠርሙሱ ውስጥ ቀይ ደመና ብቻ ከታየ ሴትዮዋ ከአልጋው ሳትወርድ ሁለተኛ ጊዜ መሞከር ይሻላል።

ፓይፔል ከገበያ ሲጠፋ በየጤና ተቋሙ ያለው የኤም.ቪ.ኤ. መሣሪያ (ማህፀንን በእጅ መጥጦ የሚያጸዳው) ይህን ሥራ ይሠራል፤ 4 ሚሊሜትር ቱቦ ከ60 ሚሊሊትሩ ሲሪንጅ ጋር። መሣሪያው የተሠራው ለሌላ ነው ብሎ ሴትዮዋን ወደ ሌላ ቦታ መላክ ጊዜ ማባከን ነው። የማህፀን አንገቱ ጠብቦ አልገባ ካለ ግን መግፋት አይገባም፤ ያረጠች ሴት ማህፀን ግድግዳው ስስ ነው፣ ይበሳል። ማደንዘዣ ተሰጥቶ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ በቀጭን ማስፊያ ይከፈታል። ከጠበበው አንገት በስተጀርባ መግል የተጠራቀመባት፣ የሚሸት ፈሳሽና ትኩሳት ያለባት እናት ደግሞ መጀመሪያ መግሉ ይፈስላታል፣ አንቲባዮቲክ ትጀምራለች፣ ናሙናው ከዚያ በኋላ ይከተላል። መግሉ ከጠራ በኋላ መርሳት ግን የለም፤ መንገዱን የዘጋው ራሱ ካንሰሩ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጠርሙሱ ዝርዝር ውስጥ መግባቴን አንባቢ ይታገሰኝ፤ ብዙ ናሙና የሚጠፋው ማህፀን ውስጥ ሳይሆን እዚህ ነው። ፎርማሊኑ 10 በመቶ መሆን አለበት፤ ይኸውም ድፍኑ ፎርማሊን 1 እጅ፣ ውሃ 9 እጅ፣ አሲድነቱን የሚያረግበው ጨው ተጨምሮበት ነው። መጠኑ ከናሙናው አስር እጥፍ ይሁን። በሳላይን (በጨው ውሃ) ወይም በደረቅ ፋሻ ተጠቅልሎ የተላከ ሥጋ በሰዓታት ውስጥ ይበሰብሳል፤ ፋሻ ላይ የተጣበቀውም ሲላጥ ይጨፈለቃል። የማህፀን ነቀርሳ ሲጠረጠር ብቻ ከናሙናው ጥቂቱ ለብቻው በሳላይን ጀርሙን ለሚፈልጉት የጂን ኤክስፐርትና የካልቸር ምርመራዎች ይላካል፤ ፎርማሊን ጀርሙን ይገድለዋልና። ስሟ፣ ዕድሜዋና ቀኑ የሚጻፈው በጠርሙሱ ገላ ላይ ነው። ክዳን ላይ የተጻፈ ስም ክዳኑ ሲቀያየር ወደ ሌላ ሴት ይሄዳል፤ ይህ የሚያደርሰው ጥፋት ምን ያህል እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ከመጠየቂያው ወረቀት ላይ ደግሞ ከደሙ ታሪክ፣ ካረጠችበት ዓመትና ከመድኃኒቷ ጋር የአልትራሳውንዱ ቁጥር ይጻፍ።

ውጤቱ «በቂ ናሙና አልተገኘም» ብሎ ሲመጣ «ነፃ ነሽ» ተብሎ ይተረጎማል። ሽፋኑ በእርግጥ ስስ ከሆነና ደሙም ካቆመ፣ የሚመጠጥ ሥጋ ስላልነበረ ነው ብሎ በጥንቃቄ መጠበቅ ይቻላል። ሽፋኑ ወፍሮ ሳለ በቂ ናሙና ካልተገኘ ግን ምርመራው አልተደረገም ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን፣ ወይም ውጤቱ ደህና ሆኖ ደሙ ሲመለስ፣ ቀጣዩ ሂስትሮስኮፒ ነው፤ በቀጭን ካሜራ ውስጡን እያዩ ፖሊፑን ከሥሩ ማንሳት። ፓይፔል ፖሊፕን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል፣ ፖሊፑ ገሸሽ ይልለታልና። ካሜራው በሌለበት የሚደረገው ጠረጋም ሙሉ አይደለም፤ በ1975 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ማህፀናቸው ከወጣ በኋላ በታዩ ሴቶች ላይ፣ ከ100 በ60ዎቹ ጠረጋው የማህፀኑን ውስጥ ግማሽ እንኳ እንዳልነካ አሳይቷል። ካሜራ ከሌለ ሳላይን ማህፀን ውስጥ ጥቂት አስገብቶ አልትራሳውንድ ማየት ፖሊፑን ከሽፋኑ ይለየዋል፤ ቀጭን ቱቦና ሲሪንጅ ላለው ክሊኒክ ከባድ አይደለም።

«ሃይፐርፕላዚያ» የሚል መልስ የሚመጣላቸው አሉ፤ ሽፋኑ ከልክ በላይ በዝቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ያለችውን ቃል ማንበብ የግድ ነው፤ «አቲፒያ» ማለት የሴሎቹ መልክ ከጤነኛው መለወጡ ነው። «ያለ አቲፒያ» ከሆነ በ20 ዓመት ውስጥ ወደ ካንሰር የሚለወጠው ከ100 ከ5 በታች ነው፤ ሆርሞን ባለው ሉፕ ወይም በየቀኑ በሚዋጥ የፕሮጄስትሮን ክኒን ታክሞ በስድስት በስድስት ወር ናሙናው ይደገማል። «ከአቲፒያ ጋር» ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እንዲህ የተባሉትን ሴቶች ማህፀን አውጥቶ ሲያይ ከአስሩ በአራቱ ያህል ካንሰር አብሮ አግኝቷል። ያረጠች ሴት ከሆነች ማህፀኑ ይወጣል።

ደም ወዳልታያት የመጀመሪያዋ እናት ልመለስ። ደም የሌላት፣ ታሞክሲፈን የማትወስድ ሴት ሽፋኗ 5፣ 7 ወይም 9 ሚሊሜትር መሆኑ ብቻውን ለናሙና ምክንያት አይሆንም። ናሙና ይወሰድ ወይ የሚለው ጥያቄ በቁም ነገር የሚነሳው ከ11 ሚሊሜትር በላይ ሲሆን፣ ወይም ጠርዙ ሲዛባ፣ ውስጡ ደም ሥር የገባበት እብጠት ሲታይ፣ ወይም ከላይ የዘረዘርኳቸው አጋላጭ ሁኔታዎች ሲደራረቡባት ነው። ታሞክሲፈን የምትወስደዋ ደግሞ ሽፋኗ ሥር በሚፈጠሩ ጥቃቅን የውሃ ከረጢቶች ምክንያት በምስሉ ላይ ወፍሮ መታየቱ የተለመደ ስለሆነ፣ ደም ሳይኖር በየጊዜው መለካት ጭንቀት እንጂ ጥቅም አያመጣላትም፤ ደም በታያት ቀን ግን ቁጥሩን ሳይጠብቁ በቀጥታ ናሙና ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ናሙና ሳይወሰድ ማህፀን ማውጣት ነው። ሥጋው ከወጣ በኋላ ካንሰር መሆኑ ሲታወቅ፣ ኦቫሪዎቹ ተትተው ሊሆን ይችላል፣ ሆዱ ውስጥ መታየት የነበረበት አልታየም፣ ማህፀኑ ተቆራርጦ ወጥቶ ከሆነም ዕጢው ሊበተን ይችላል። እናቲቱ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ወይም ሊቀርላት ይችል የነበረ ጨረር ይጠብቃታል። ቀጠሮ የተያዘላት ያረጠች እናት ልጆች «የናሙናው ውጤት ምን ይላል?» ብለው ከመፈረማቸው በፊት ይጠይቁ። ናሙና አልተወሰደም ከተባሉ፣ ደም ታይቷት እንደሆነ ራሳቸው ለሐኪሙ ይንገሩትና ቀኑ ይገፋ።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ የናሙናው ውጤት ከወጣ በኋላ ሥጋው በሰም ተቀርጾ ላቦራቶሪው ዘንድ ይቀመጣል። ሌላ ሐኪም ዘንድ የምትሄድ እናት ናሙና እንደገና መውሰድ ላያስፈልጋት ይችላል፤ የፓቶሎጂ ቁጥሯን ይዛ የሰሙን ብሎክና የመስታወቱን ስላይድ መጠየቅና ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲያነበው ማድረግ ትችላለች። ቁጥሩ ከውጤቱ ወረቀት ራስጌ ላይ ነው የሚገኘው፤ ወረቀቱ እንዳይጠፋ በስልክ ፎቶ ይነሳ።

ከአክብሮት ጋር፣
የማህፀንና ጽንስ ሐኪም
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ